ሰባ አምስት ሽምብራና አንድ ባቄላ

የሽምብራ ጆንያ አፍ በፈታሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ደንበኞቼ አቧራው ያስቸገረኝ ይመስላቸዋል፤ ይምሰላቸው። መካነ ሰላም ገበያ እህል መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ ጤፉም፣ ስንዴውም፣ ምስሩም አንድ ቀን ነክተውኝ አያውቁም። ሽምብራ ግን ያ ደረቅ፣ መረር የሚል፣ ቅል ውስጥ የከረመ የሚመስለው ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ፣ ከሞቱ ስንት ዘመን የሆናቸው ሽማግሌ ከአጠገቤ ቁጭ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ በይ አሳይኝ፤ አዳም የት ላይ ነው?» የሚሉኝ ይመስለኛል። በሕይወት ሳሉም እንዲሁ ነበሩ። የሚጠይቁት ሰው ሥራ ሲይዝ ነው።

አባባ ይመር የአባቴ አባት ናቸው። በወጣትነታቸው ወግዲ በኩል ከአንድ መምህር እግር ሥር ሁለት ዓመት ተምረዋል። ድምፃቸው ለዜማ አልሆን ስላለ መምህሩ መርቀው አሰናበቷቸው፤ እንዳይከፋቸው ደግሞ አንድ ቅል ሰጧቸው። ሌላው ተማሪ ቅኔ ይዞ ተመለሰ፤ የእኛ ሰው ቅል ይዘው መጡ።

በቅሉ ውስጥ የዓለም ታሪክ ነበር። ሽምብራ ነው። አንዷ ፍሬ መቶ ዓመት ናት። ከአዳም እስከ ጌታ ልደት አምስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ስለሆነ ሃምሳ አምስት ሽምብራ። ከዚያ ልደቱ ይመጣል፤ እሱ ባቄላ ነው፣ በጣት ሲዳሰስ እንዲለይ። ከልደት ወዲህ ደግሞ ሃያ ሽምብራ፤ የመጨረሻዋ ገና ያላለቀችው የእኛ መቶ ዓመት ናት። ሁሉም ነቀዝ እንዳይበላቸው ተቆልተዋል። እንግዲህ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። የዓለምን ታሪክ ቆልቶ ልጅ ባለበት ቤት ማስቀመጥ!

የማወራችሁ የመሬት ሽግሽግ ተደርጎ የእኛ ማሳ ግማሽ ከሆነ በኋላ ስለመጣው ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። አባቴ ሰሊጥ ሊያርም ሁመራ ወርዷል። የአባባን ዓይን ሞራ ከሸፈነው ቆይቷል፤ ስለዚህ የእኔ ሥራ ከሰዓት ከሰዓት ሰፌድ ዘርግቼ ቅሉን መገልበጥና የሚንከባለለውን መልቀም ነበር። እሳቸው በጣታቸው እየገፉ ይቆጥራሉ፤ እኔ እከተላለሁ። መከራው፣ ሽምብራ ሁሉ አንድ ነው። ትናንት ኖኅ የነበረችው ፍሬ ዛሬ ቃየል ሆና ትወጣለች። ይህን ስነግራቸው፣ «ሰውም እንዲሁ ነው፤ ዝም ብለሽ ቁጠሪ» ይላሉ።

አዳም ላይ ብዙ ይቆያሉ። ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመት ኖሯልና ዘጠኝ ፍሬ ይደረድሩለታል፤ እያንዳንዷ ላይ ይተክዛሉ።

«አባባ፣ ለአንዲት ፍሬ ነው ያን ሁሉ ርስት የሰጠው?»

«ለአንዲት ፍሬ።»

«የምን ፍሬ?»

«በለስ ነው ይላሉ።»

በለስ! ገደሉ ሥር ዝንጀሮ ጠግቦ የሚረግጠውን!

«ዋጋዋን ሳይጠይቅ ነው የበላት» አልኩ።

«የምን ዋጋ? ገበያ መሰለሽ? የገዛ ቤቱ ነበር» አሉ። ሲናደዱ ይሁን ሲያዝኑ፣ በሞራው ውስጥ አይታይም።

ከዚያ ተስፋው ይመጣል። እግዚአብሔር አዳምን «አምስት ቀን ተኩል ጠብቀኝ፣ እመጣልሃለሁ» አለው። አዳም ቀኑን እንደ እኛ ቀን አርጎ ጠበቀ። የእግዚአብሔር አንድ ቀን ግን ሺህ ዓመት ኖሯል። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አባቴም ሲወርድ «ለመስቀል እመጣለሁ» ብሎኝ ነበር፤ በማን ቀን እንደቆጠረልኝ የሚነግረኝ ግን አልነበረም።

«ለምን ዘገየ?» እላለሁ።

«ማን ዘገየ አለሽ? ሃምሳ አምስቱን ፍሬ ሙሉ መንገድ ላይ ነበር» ይላሉ። «ሰው ነው የማይረጋ። አጥለቅልቆ አጥቦ ያሳየዋል፣ ሰው ግንብ ይሠራል። ባሕር ከፍሎ ያሻግረዋል፣ ሰው ጥጃ ይቀርጻል። እሱ አንድ እርምጃ ሲመጣ እኛ ሁለት እየሸሸን ነው እንጂ መንገዱ አልረዘመም።» ባቄላው ላይ ሲደርሱ ግን በሁለት ጣታቸው አንስተው ግንባራቸውን ያስነኩና ይመልሱታል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሃያ ፍሬ ቶሎ ቶሎ ነው የሚቆጥሩት።

የፍልሰታ ጾም በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ሰፌዱ ፊት ለፊት ተቀምጠው እናቴን ጠሯትና፣

«ጾሙ ሲፈታ የቁም ተዝካሬን አወጣለሁ። ቡሬ ይታረዳል» አሉ።

ቡሬ ያለን አንድ በሬ ነው። ሰው ሲሞት ዘመዶቹ ተዝካር ያወጡለታል፤ በዘመዶቹ ያላመነ ደግሞ ሳይሞት ለራሱ ያወጣል። ነገሩ ያለ ነው። እናቴ ግን ምራት ናት፤ ለአማቷ ፊት ለፊት አትመልስም። የሚያናድዳት ሲያጋጥማት የምታናግረው ድመቷን ነበር።

«ሰማሽ አንቺ ድመት?» አለች። «ቡሬ ከታረደ የሽምብራውን ዋልካ መሬት በምን እንደምናርሰው ጠይቂልኝ እስቲ። አንቺን ጠምደን ነው?»

«ለድመቷ ንገሪልኝ» አሉ አባባ፤ «ስምንተኛው ሺ ነው። ልጅ አባቱን የማያውቅበት ዘመን ነው። ወንዱ ሁመራ ወርዶ ጠፋ። ሴቷ ጅዳ ገባች።»

ሴቷ አክስቴ ፋንቱ ናት። የዓረብ አገር ደላላው ፓስፖርቷ ላይ ፋጡማ ብሎ አጽፎላት ነው የሄደችው። የእሳቸው ቁስል ይሄ ነበር።

«ስሟን ለራሷ ያላስቀረች ልጅ የእኔን ስም በምን ታስታውሰው? ሙቼ ሳልጠራ ከምቀር፣ በቁሜ አብልቼ ሲጠሩኝ ልስማ።»

«ኧረ ድመቷ፣ ከመስከረም በኋላ እኛ ስንራብ ማን ይጥራን?» አለች እናቴ፤ ጭራሽ ድመቷም ወጥታ ሄደች።

ነገሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። ጎረቤታችን ሼህ ሰይድ፣ ለሰፈሩ ልጆች ቁርዓን እያስነበቡ የሚያስቀሩ፣ እነሱም አንድ በሬ ነው ያላቸው፤ ጉራች። ቡሬና ጉራች መቀናጆ ናቸው፤ አንድ ቀን የእኛን፣ አንድ ቀን የእነሱን ያርሳሉ። አንዱ ከጎደለ ሁለት ቤት ጾሙን ያድራል። ሼህ ሰይድ በማግስቱ መጡ።

«አያ ይመር፣ እንዴት አደራችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አባባ። (በዚህ ጊዜ ቄሱ ቢሰሙም አይደንቃቸውም፤ ወሎ ነው።)

«ቡሬን ልታርዱት ነው አሉ።»

«ዓለም እያለቀ ነው ሼህ ሰይድ። ቆጥሬዋለሁ። ሰማንያ ሲሞላ ያበቃል፤ ሰባ አምስት ደርሷል። አምስት ፍሬ ቀረች።»

«ቂያማውን የሚያውቅ አላህ ነው፤ እዚያ ውስጥ አልገባም» አሉ ሼህ ሰይድ። «የነሐሴን እርሻ ግን እኔም አውቀዋለሁ። ጉራች ብቻውን አይጎትትም። ቂያማ ቢመጣስ፣ በሬውን በልቶ ከመቆም በሬውን ይዞ መቆም አይሻልም?»

«አንተ ስለ በሬ ትላለህ፣ እኔ ስለ ነፍስ እላለሁ።»

«ነፍስስ ምን በልታ ነው የምትጸድቀው፣ አያ ይመር?»

ሳይስማሙ ተለያዩ። እናቴ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ተክሌ ሄደች። አባ ተክሌ ሊመክሩልን መጡ፤ ገብተው ከአባባ ጋር ረዥም ተነጋገሩ። በበሩ ስንጥቅ ጆሮዬን ብሰጥ የሰማሁት፣ «ጠላው ስንት እንስራ ይሆናል?» ሲሉ ነው። እናቴ ጌሾ ወቀጠች። በእያንዳንዱ ውቂያ ምን እንደምትል ባልጽፈው ይሻላል።

የእኔን ነገር ደግሞ ስሙ። እኔ እስከዚያ ድረስ ተዝካሩ ተበልቶለት በሕይወት ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ጾሙ ተፈትቶ ተዝካሩ በተበላ ማግስት አባባ እንደሚሞቱ ገባኝ። ደግሞ «አምስት ፍሬ ቀረች» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። አምስት መቶ ዓመት ማለት እንደሆነ ጨርሶ አልመጣልኝም፤ በእኛ ቤት አምስት ሽምብራ አንዲት ጉርሻ አይሞላም። የቀረው ጉርሻ የማይሞላ ዓለም!

አሰብኩበት። ሰማንያ ሲሞላ የሚያልቅ ከሆነ እንዳይሞላ ማጉደል ነው። ካልሞላ ስምንተኛው ሺ የለም፤ ስምንተኛው ሺ ከሌለ ተዝካር የለም፤ ተዝካር ከሌለ ቡሬም አይታረድ፣ አባባም አይሞቱ። እስካሁን ከዚህ የጠራ ስሌት ሠርቼ አላውቅም።

የተዝካሩ ነገር ከተነሳ ወዲህ አባባ የከሰዓቱን ቆጠራ ትተውት ነበር። ጠዋት ጠዋት እናቴ ውሃ ስትወርድ፣ አባባ ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ፣ እጄን ቅሉ ውስጥ እሰድና አንዲት ሽምብራ አወጣለሁ። መጣል አልደፈርኩም። የዓለም ዕድሜ ነው፤ እንዴት ዶሮ ይልቀመው? ቀሚሴ ጠርዝ ላይ ቋጥሬ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ከቅዳሴ በኋላ በመንገድ እቆረጥማታለሁ። በፍልሰታ ልጅ ሁሉ በየቀኑ ይቆርባል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀመስም። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት እንዴት እንደምትጣፍጥ የጾመ ያውቃል። በስድስት ቀን ስድስት ፍሬ፤ ስድስት መቶ ዓመት አስረዘምኩ። ማንም አላመሰገነኝም።

በሰባተኛው ቀን እጄ ቅሉ ውስጥ እንዳለ የእናቴ እግር ኮቴ ተሰማኝ። የያዝኩትን ሳላይ አፌ ውስጥ ጣልኩት። ትልቅ ነው። ጠንካራ ነው። አፌን ሞላው። ባቄላው ነው።

ሽምብራ ቢሆን ምላሴ ሥር እደብቀው ነበር። እናቴ ግን ገብታ ፊቴ ቆመች።

«ምን ሆነሽ ነው ጉንጭሽ የተነፋ?»

ቆረጠምኩና ዋጥኩት። ምን ላድርግ?

«ጥርሴን» አልኩ።

«አብሽሪ፣ ጸበል ያሽረዋል። ነይ፣ ቅዳሴ ገብቷል» ብላ እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

መንገዱን ሁሉ ልናገር እልና እተወዋለሁ። ምን ብዬ? ልደትን በላሁት ልበል? ልጆቹ ነጠላቸውን አደግድገው ተሰለፉ። ወደ ኋላ ስቀር እናቴ ትገፋኛለች፤ እንደገና ስቀር አንዲት ሌላ ሴት ትገፋኛለች። ለሰው ነፍስ መጥፋት የሚተባበረው ሰው ብዛቱ! ተራዬ ደረሰ። አፌን ከፈትኩ። ቆረብኩ።

ከዚያ ቆሜ ጠበቅሁ። እሳት ይወርዳል፣ መሬት ይከፈታል፣ ቢያንስ ሆዴን ይቆርጠኛል ብዬ። ምንም የለም። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንደነበረው ነው፤ ዝናቡ ቀጠለ፤ ልጆች ጭቃ ላይ ይሯሯጣሉ። እንዲህ ያለ ኃጢአት ሠርቼ ዞር ብሎ የሚያየኝ አለመኖሩ ከሁሉ ይልቅ አናደደኝ።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው አባባ ሼህ ሰይድንና አባ ተክሌን ጠሩ። ሼሁ በዓይናቸው አይተው እንዲያምኑ፣ ቄሱ እንዲመሰክሩ ነው። «ሰፌዱን አምጪ» አሉኝ። አመጣሁ። «ገልብጪ።» ገለበጥኩ። አንድ ሁለቱ ተንከባለሉ፤ ለቀምኩና መለስኩ።

መቁጠር ጀመሩ። አዳም አለፈ፣ ኖኅ አለፈ፣ አብርሃም አለፈ፣ ዳዊት አለፈ። ሃምሳ አምስት። ጣታቸውን ወደሚቀጥለው ላኩ። ሽምብራ። ገፉት። ሌላ ሽምብራ። ሰፌዱን በሁለት መዳፋቸው ዳሰሱት፤ ጠርዙን ዞሩት፤ ቅሉን አራገፉት።

«ልደቱ የለም» አሉ።

«በደንብ እይ፣ ይመር» አሉ አባ ተክሌ።

እንደገና ከአዳም ጀምረው ቆጠሩ። ሃምሳ አምስት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ባዶው ላይ ቆመ። እንደዚያ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። ስለ ዓለም መጨረሻ ሲያወሩ እንኳ ሳይፈሩ ነበር የሚያወሩት።

«ያለ እሱ ስቆጥረው ዝም ብሎ ሽምብራ ነው እኮ» አሉ፣ ለማንም ሳይሉ። «ይሄ ሁሉ ሰው… ዝም ብሎ ሽምብራ።»

አልቻልኩም። «እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ነኝ የበላሁት!»

መጀመሪያ የተናገረችው እናቴ ናት፤ ድመቷም በቤቱ አልነበረችም።

«መቼ?»

«በቀደም።»

«ከቁርባን በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት።»

«ወላሂ አበቃልኝ!» አለችና ቄሱ ፊት መሆኗ ትዝ ሲላት አፏን ያዘች።

አባ ተክሌ መስቀላቸውን አነሱ፤ ቀኖና ሊያወርዱብኝ ነው። አባባ ግን እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው።

«ለምን በላሽው፣ ልጄ?»

ሁሉንም ተናገርኩ። ሰማንያ እንዳይሞላ፣ ዓለም እንዳታልቅ፣ ቡሬ እንዳይታረድ። ስድስት ሽምብራ ሆን ብዬ፣ ባቄላውን በስህተት። እያለቀስኩ፣ «ተዝካርዎ ተበልቶ በማግስቱ እንዳይሞቱብኝ ብዬ ነው» አልኩ።

አባባ ጥርስ በሌለው አፋቸው መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ትከሻቸው ተነቃነቀ።

«ታዲያ የመጣው ሊበላ አይደለም እንዴ!» አሉ።

«ይመር!» አሉ አባ ተክሌ ደንግጠው። «እንዲህ አይባልም!»

«አባ፣ አንቱ ራስዎ በየቀኑ ምን ይላሉ? እንካችሁ፣ ብሉ አይሉም? ይቺ ታዘዘች።»

«ጾም ገድፋለች!»

«ገድፋለች፤ ስግደቷን ይስጧት። ግን እኔ ስድሳ ዓመት ሙሉ ግንባሬን እያስነካሁ ወደ ቅል ስመልሰው ኖርኩ፤ ይቺ ዋጠችው። ከእኔና ከእሷ ማን ነው የገባው?»

አባ ተክሌ ሃምሳ ስግደት አዘዙብኝ። አባባ ወደ ሼህ ሰይድ ዞሩ።

«ሰይድ፣ ተዝካር የሚበላው ለምንድን ነው?»

«ስሙን ለመጥራት ነው፣ አያ ይመር።»

«ይቺ በላች። ስሜን ጠርታ፣ እንዳልሞት ብላ፣ ነፍሷን አስይዛ በላች። ከዚህ በላይ ማን ሊዘክረኝ ነው? ተዝካሬ ተበልቷል። ለአንድ ሰው ሁለት ተዝካር አይወጣም። ቡሬን ወስደህ ጥመድ።»

«አላህ ያዝልቅዎት!» አሉ ሼህ ሰይድ፣ ከመቀመጫቸው ተነስተው። «ጉራችም አሚን ይላል።»

«ጠላው ግን ተጠንስሷል» አሉ አባ ተክሌ።

ጠላው አልባከነም። ዋልካው ታረሰ፤ አንድ ቀን የእኛ፣ አንድ ቀን የነሼህ ሰይድ። አባቴ ለመስቀል አልመጣም። ለገና መጣ።

የፍልሰታ ማግስት ጠዋት፣ ከሃምሳው ስግደት ጉልበቴ ሳይድን፣ አባባ ጠሩኝ። «ስድስት ሽምብራና አንድ ባቄላ አምጪ» አሉ። ባቄላ ሰጠኋቸው። ዳሰሱት። «ትንሽ ነው፤ ሌላ።» ሌላ ሰጠኋቸው። «ይሄ ጠማማ ነው፤ ለእሱ እንዲህ ያለ ይሰጣል?» ሦስተኛውን ግንባራቸውን አስነክተው ተቀበሉኝ። ልቆላው ወደ ምድጃው ስነሳ ቀሚሴን ያዙ።

«ጥሬውን ይሁን።»

«ነቀዝ ይበላዋል፣ አባባ!»

«ይብላው። ነቀዝ ከአንቺ ይሻላል፤ እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚበላው» አሉና ሰፌዱን ወደ እኔ ገፉት። «በይ፣ አሁን አሳይኝ። አዳም የት ላይ ነው?»

ቁርሴን እንኳ አልበላሁም ነበር።